መምህራን ክረምቱን ሙሉ ያርፋሉ? ፊርማ ለማሰባሰብ ለተነሡ ወላጆች የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «በአንድ የዞን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት ትምህርት ቤት የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት (ወተመህ) አባል ነኝ። ትምህርት ቤቱ ከ1ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በፈረቃ ያስተምራል። ባለፈው ስብሰባ አብዛኛው ወላጅ ያነሣው አንድ ነገር ነው፤ መምህራን ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም አጋማሽ ሦስት ወር ቁጭ ብለው ደመወዝ ይበላሉ፣ ልጆቻችን ግን የተማሩትን ረስተው ይመለሳሉ። ሌላው የመንግሥት ሠራተኛ ሃያ ቀን አርፎ ሥራው ላይ ይገኛል። ስለዚህ የመምህራኑ ዕረፍት ወደ አንድ ወር ዝቅ እንዲል ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት የምናስገባው ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። በግል ትምህርት ቤት የምታስተምረው እህቴ በበኩሏ ሐምሌና ነሐሴ ደመወዝ የላትም። የቱን እንመን? ፊርማውስ ውጤት ይኖረዋል?»

ምላሽ፦ ፊርማውን አቁሙት። ልጆቹ ረስተው ይመለሳሉ የሚለው ቅሬታ እውነተኛ ነው፣ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ። ነገር ግን ፊርማው የተመሠረተበት የቀን ቆጠራ ስህተት ነው፤ የምትልኩበት ጽሕፈት ቤትም የትምህርት ካላንደር የመለወጥ ሥልጣን የለውም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ ጥያቄያችሁ ሙሉ በሙሉ ቢፈቀድ እንኳ የምታተርፉት ሰዓት ከመስከረም እስከ ሰኔ ባለው ጊዜ ከእጃችሁ ከሚያመልጠው ያነሰ መሆኑ ነው።

ከቆጠራው ልነሣ። ሦስት ወር የተባለው የተማሪው ዕረፍት ነው። ልጅዎ ሰኔ 15 ወይም 20 ገደማ የመጨረሻውን ፈተና ጨርሶ ይወጣል፤ ከዚያ በኋላ ብቅ የሚለው ሰኔ 30 ካርድ ለመቀበል ነው። ወላጅ በመንገድ ሲያልፍ የሚያየው ባዶ ሜዳ ስለሆነ መምህሩም አብሮ የተበተነ ይመስለዋል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት መምህሩ ምን እንደሚሠራ በቁጥር እንየው። አምስት ክፍል የሚያስተምር የሒሳብ መምህር በየክፍሉ 60 ልጅ ካለው 300 ወረቀት ያርማል። ለአንዱ ወረቀት 6 ደቂቃ ብቻ ቢሰጥ 30 ሰዓት ይሆናል። የክፍል ኃላፊ ከሆነ ደግሞ ሮስተር ይጠብቀዋል፤ 60 ስም ወደ ታች፣ ዘጠኝ የትምህርት ዓይነት ወደ ጎን፣ የአንደኛው መንፈቅ፣ የሁለተኛው መንፈቅ፣ ድምር፣ አማካይ፣ ደረጃ፣ ጠባይ፣ የቀረበት ቀን። ለአንድ መንፈቅ ብቻ 540 ውጤት ነው። አንዲት ቁጥር ከተዛባች የብዙ ልጆች ደረጃ ስለሚናጋ አንዱ መምህር ጮክ ብሎ እያነበበ ሌላው በእስክሪብቶ ጫፍ እየተከተለ ያመሳክራል። ይህ ሁሉ ተመልሶ በእጅ ወደ ካርድ ይገለበጣል። የ6ኛና የ8ኛ ክፍል ፈተና ላይ ፈታኝ ሆነው ወደ ሌላ ትምህርት ቤት የሚመደቡም አሉ።

ሰኔ 30 ካርድ ተሰጥቶም ነገሩ አያልቅም። የመጽሐፍ ርክክብ፣ የሥራ አፈጻጸም ምዘና፣ የዓመቱ ሪፖርት፣ በብዙ ቦታ እስከ ሐምሌ 5 ወይም 10 ይዘልቃሉ። በሌላኛው ጫፍ ደግሞ ከነሐሴ 20 በኋላ ምዝገባ፣ የክፍል ድልድል፣ የዓመት ዕቅድና ሥልጠና ይመጣሉ። ስለዚህ አንድ መምህር በተጨባጭ ከትምህርት ቤቱ የሚርቀው ለምሳሌ ከሐምሌ 11 እስከ ነሐሴ 20 ነው፤ 40 ቀን። ቅዳሜና እሑዱ ሲወጣ 28 የሥራ ቀን ገደማ ይቀራል። የመንግሥት ሠራተኛ የዓመት ፈቃድ በ20 የሥራ ቀን ይጀምርና በአገልግሎት ዘመኑ ልክ እየጨመረ እስከ 30 ይደርሳል። በሁለቱ መንፈቆች መካከል ያለውን የአንድ ሳምንት ዕረፍት ብትደምሩ የመምህሩ ከ30 በጥቂት ቀን ይበልጥ ይሆናል። ልዩነቱ ይህችው ናት። በአንጻሩ የቢሮ ሠራተኛ ፈቃዱን ለልጁ ሠርግ፣ ለአዝመራ ወይም ለእናቱ ሕመም በፈለገው ወር ይወስዳል። መምህር ግን ኅዳር ላይ የዓመት ፈቃድ ልውሰድ ቢል የሚሰማው የለም፤ ያለችው ዕረፍት የክረምቷ ብቻ ናት።

ይህን ቆጠራ በራሳችሁ ትምህርት ቤት ሥሩት። ርዕሰ መምህሩን የሰኔንና የነሐሴን የመምህራን የፊርማ መዝገብ ጠይቁ፤ የመጨረሻው ፊርማ መቼ እንደሆነና የመጀመሪያው መቼ እንደጀመረ እዩ። የእናንተ ትምህርት ቤት መምህራን በርግጥ ሰኔ 16 ጠፍተው መስከረም 10 የሚመለሱ ሆነው ከተገኙ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፤ በሥራ ቀን ከሥራ መቅረት ነውና ርዕሰ መምህሩ ነው የሚጠየቅበት። ካላንደር በማሳጠር አይታረምም። ዕረፍቱ ረጅም ሳለ በሥራ ቀኑ ያልተገኘ ሰው ዕረፍቱ ሲያጥር ይገኛል ብሎ መጠበቅ ሞኝነት ነው።

«ደመወዝ ይበላሉ» የሚለውም መታረም አለበት። የመንግሥት መምህር ለዓመት ይቀጠራል፣ ደመወዙም ለዓመቱ ሥራ በአሥራ ሁለት ተከፍሎ ይሰጠዋል። ሐምሌ ላይ የሚቀበለው ደመወዝ የቢሮ ሠራተኛ በዓመት ፈቃዱ ላይ እያለ ከሚቀበለው አይለይም። ደግሞም ብዙዎቹ ክረምቱን ቤታቸው አያሳልፉም። ከሰርተፊኬት ወደ ዲፕሎማ፣ ከዲፕሎማ ወደ ዲግሪ፣ ከዲግሪ ወደ ማስተርስ የሚወጣው መምህር የሚማረው በክረምት መርሐ ግብር ነው፤ ለተከታታይ ሦስት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ክረምት ዩኒቨርሲቲ ወይም መምህራን ኮሌጅ ገብቶ ይከርማል። ክረምቱን ወደ አንድ ወር ካወረዳችሁት መጀመሪያ የሚሞተው ይህ መርሐ ግብር ነው። በመደበኛው እንዳይማሩ ክፍሉን ማን ይይዘዋል? በዲፕሎማ ያለው መምህር በዲፕሎማው ይቀራል ማለት ነው፣ የሚጎዳውም የእናንተው ልጅ ነው። ለተከታታይ ሙያዊ ማሻሻያ፣ ተሙማ ለሚሉት፣ በዓመት የሚጠበቀው 60 ሰዓትም ከፊሉ የሚገፋው ወደዚሁ ጊዜ ነው።

ዕረፍቱ መጀመሪያውኑ ለመምህር ተብሎ የተሠራም አልነበረም። በደጋውና በወይና ደጋው ክረምት ማለት ወንዝ የሚሞላበት፣ ጭቃ መንገድ የሚቆርጥበት፣ ገበሬው ለአረምና ለጉልጓሎ የልጆቹን እጅ የሚፈልግበት ወራት ነው። ከፍቶ መጠበቅ ይቻል ነበር፣ ልጅ ግን አይመጣም። (ቦረናን የመሰለ አካባቢ ዋናውን ዝናብ የሚያገኘው በበልግ ስለሆነ የክረምቱ መዘጋት ከኑሮው ጋር አይገጥምም፤ በዚያ ያለ ወላጅ ካላንደራችን ይለወጥ ቢል በእኔ ግምት ከእናንተ የተሻለ ምክንያት አለው።) መምህሩም ቢሆን ክረምቱን ሁልጊዜ በነጻ አላሳለፈውም። በሐምሌ 1971 የተጀመረውን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ገጠር ወርደው ካስፈጸሙት ግንባር ቀደሞቹ መምህራን ነበሩ።

ታዲያ ሕዝቡ ለምን እንዲህ ያስባል? ይህን በቅጡ ማየት ይገባል፤ ምክንያቱ ክፋት አይደለምና። አንደኛው ፈረቃው ነው። ጠዋት የሚያስተምር መምህር ስድስት ሰዓት ላይ ደብተሩን ይዞ ሲወጣ ባለሱቁም ሰፈርተኛውም ያየዋል። ግማሽ ቀን ሠርቶ ግማሽ ቀን የሚያርፍ የሚመስል ሰው ላይ ሁለት ወር ሲጨመርበት ዓይን ውስጥ ይገባል። ማታ በፋኖስም በአምፖልም የሚታረመውን ደብተር ግን ከሚስቱና ከልጆቹ በቀር ማንም አያየውም።

ሁለተኛው የከተማ ኑሮ ነው። ድሮ ክረምት ላይ ልጅ ከብት ይጠብቅ፣ አረም ያርም ነበርና ትምህርት ቤት መዘጋቱ ለቤቱ እገዛ ነበር። አሁን እናትም አባትም ተቀጥረው በሚሠሩበት ከተማ ያው ልጅ ከአሥር ሳምንት በላይ ቤት ውስጥ ተቆልፎበት ወይም መንገድ ላይ ይውላል። የወላጁ ጭንቀት «ልጄን ማን ይጠብቅልኝ» የሚል ነው፣ አፉ ላይ የሚመጣው ግን «መምህሩ ለምን ያርፋል» ሆኖ ነው። ሁለቱ የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ይለያያል።

ሦስተኛው ውጤት ነው። የ2014 የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች ውጤት ሲገለጽ 50 ከመቶና በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ ነበሩ፤ በማግሥቱ ዓመት 3.2። ያ ቁጥር ከተሰማ ወዲህ መምህሩን የሚያይ ዓይን ተለውጧል፣ ለዓመታት ሳይነገር የኖረው ሁሉ ተጠራቅሞ በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደቀ። ይህ ለመምህሩ ፍትሐዊ አይደለም። ግን ወላጅ ተናደደ ብሎ መቆጣትም ፍትሐዊ አይደለም፤ ያሳደገው ልጅ ወድቆበታልና። መምህራንም በስብሰባ ላይ «እኛም ሰው ነን» ብለው ከሚዘጉት ከላይ ያለውን ቆጠራ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ቢያሳዩ የተሻለ ይደመጣሉ።

አሁን ዋናውን ስሌት እንሥራ። ፊርማችሁ ተሳክቶ አራት ሳምንት ተጨመረላችሁ እንበል። በፈረቃ ትምህርት ቤት ልጅ በቀን 4 ሰዓት ያህል ይማራል፣ 40 ደቂቃ ያላቸው ስድስት ክፍለ ጊዜያት። ሃያ ቀን በ4 ሰዓት፣ 80 ሰዓት አገኛችሁ። በሌላ በኩል ሙሉ ቀን የሚያስተምር ትምህርት ቤት ለልጁ በቀን 6 ሰዓት ይሰጠዋል። በ180 የትምህርት ቀን ልዩነቱ 360 ሰዓት ነው። ፈረቃው ከልጆቻችሁ የሚወስደው ክረምቱን በማሳጠር ከምታገኙት በአራት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። ፊርማ መሰብሰብ ከፈለጋችሁ የሚያዋጣው «ከፈረቃ የምንወጣው መቼ ነው፣ ስንት መማሪያ ክፍል ይጎድለናል፣ ስንት መምህር ይቀጠርልናል» የሚል ፊርማ ነው። ፈጣን አይደለም፤ ክፍል መሥራትና መምህር መቅጠር በጀት ይጠይቃል፣ የተማሪ ምገባ ከሌለ ደግሞ ሙሉ ቀን የሚውል ልጅ ከሰዓት በኋላ ተርቦ ከመስማት ያለፈ አይማርም። ይሁን እንጂ ጥያቄው የተቀመጠበት ቦታ ትክክል ነው።

ከዚያ በፊት፣ በዚሁ ዓመት ልታድኑት የምትችሉት ሌላ ሰዓት አለ፤ በየሳምንቱ የሚባክነው። ሳምንቱ 30 ክፍለ ጊዜ ቢኖረው፣ ከእነዚህ አራቱ መምህር ሳይገባባቸው ቢያልፉ፣ በ36 ሳምንት 144 ክፍለ ጊዜ፣ ማለትም 96 ሰዓት ይጠፋል። ከ80ው ይበልጣል። መስከረም ላይ ድልድልና የመጽሐፍ እደላ እስኪያልቅ የሚባክኑትን ቀናት አልቆጠርኳቸውም። ስንት እንደሚባክን በስሜት አትናገሩ፣ ለኩት። የየክፍሉ አለቃ አንድ ደብተር ይያዝ፤ ቀን፣ ክፍለ ጊዜ፣ የትምህርት ዓይነት፣ «ገባ»፣ «ዘገየ»፣ «አልገባም»፣ ምክንያት። የክፍሉ ኃላፊ መምህር ዓርብ ዓርብ ይፈርምበት፣ ምክትል ርዕሰ መምህሩ በወር አንዴ ይደምረው። ዓመቱን ሙሉ አያስፈልግም፤ አራት ሳምንት በኅዳር፣ አራት ሳምንት በመጋቢት ይበቃል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ይህን የሚመስል ቅጽ አላቸው፣ ግን ማንም አይደምረውም።

ይህ አሠራር የሚበላሸው በሁለት መንገድ ነው። ደብተሩ መምህር መቅጫ እንደሆነ ከተወራ የክፍል አለቃው፣ ልጅ ነውና፣ ፈርቶ ሁሉንም «ገባ» እያለ ይሞላል። ስለዚህ ድምሩ በመምህር ስም ሳይሆን በምክንያት ይቅረብ። ሁለተኛ፣ ምክንያቱ ሲታይ ብዙ ጊዜ መምህሩ አይገኝበትም፤ ወረዳው በትምህርት ሰዓት የጠራው ስብሰባ፣ ተተኪ ያልተመደበለት የወሊድ ፈቃድ፣ የሰፈር ለቅሶ፣ የገበያ ቀን ሆኖ ግማሹ ልጅ የቀረበት ክፍል ሆኖ ይገኛል። ወተመህ ለወረዳው «ስብሰባችሁን ከትምህርት ሰዓት ውጪ አድርጉልን» ብሎ በቁጥር አስደግፎ ቢጽፍ ሰሚ ያገኛል፤ ወረዳው በራሱ ሥልጣን ሊያደርገው የሚችለው ነገር ነውና።

ወደ መርሳቱ ልመለስ። ልጅ በክረምት ይረሳል፤ በተለይ ከ1ኛ እስከ 3ኛ ክፍል ያለ፣ ፊደል ለይቶ ቃል ማንበብ ገና የጀመረ ልጅ። በ2002 በተደረገው የዝቅተኛ ክፍሎች የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ልጆች ከሦስቱ አንዱ ያህል ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲትም ቃል ማንበብ አልቻሉም ነበር። እንዲህ ላላ ብሎ የተያዘ ንባብ ከአሥር ሳምንት በላይ ካልተነካ ይጠፋል። «ሀ ሁ»ን በቃሉ እየዘመረ «ሆ» ነጠላዋን ቆማ ሲያያት የሚጠፋበት ልጅ መስከረም ላይ ከዜሮ ይጀምራል። ልብ በሉ ግን፣ የሚረሳው መምህሩ ስላረፈ ብቻ አይደለም፤ በቤቱ የሚነበብ ነገር ስለሌለ ጭምር ነው። እዚህ ላይ ትምህርት ቤቶች ራሳቸው ስህተት ይሠራሉ፤ ሰኔ ላይ መጻሕፍቱን ሰብስበው መጋዘን ይቆልፉባቸዋል። ለልጁ የቀረችው ብቸኛ መጽሐፍ በዚያው ትሄዳለች።

ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ ምንም ወጪ የለውም። ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያሉ ልጆች የአማርኛ (ወይም የአፍ መፍቻ ቋንቋቸው) እና የሒሳብ መጽሐፋቸውን ለክረምት ይዘው ይቆዩ፣ ወላጅ ይፈርምበት፣ ምዝገባ ላይ ይመልስ። መጽሐፉ ከጠፋ ወላጁ እንዲተካ በፊርማው ላይ ይጻፍ፤ በላስቲክ ተጠቅልሎ ከጣሪያ ፍሳሽ ርቆ እንዲቀመጥም ይነገረው። ሁለተኛው የቤተ መጻሕፍቱ ጉዳይ ነው። የቤተ መጻሕፍትና የአስተዳደር ሠራተኞች በክረምትም ሥራ ላይ ናቸው። ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ ከጠዋቱ 3 እስከ 6 ሰዓት ቤተ መጻሕፍቱ ቢከፈት የልጅ ጠባቂ ላጣ ወላጅ ግማሽ መፍትሔ ነው። የመምህራን ዕረፍትም አይነካም።

ሦስተኛው የክረምት ማጠናከሪያ ትምህርት ነው፤ እዚህ ላይ ዝርዝሩ ካልተስተካከለ ገንዘብ ማባከን ይሆናል። አምስት ሳምንት፣ በሳምንት አራት ቀን (የገበያው ቀን ይቅር)፣ በቀን 2 ሰዓት፣ በድምሩ 40 ሰዓት ይበቃል። ጠዋት ይሁን፤ በደጋው ዝናቡ የሚጠናው አብዛኛውን ጊዜ ከሰዓት ነው። ኮርኒስ ያለውን ክፍል ምረጡ። ኮርኒስ በሌለው ቆርቆሮ ሥር ዝናብ ሲወርድ መምህሩ ቢጮህም ሦስተኛው ዴስክ ላይ ያለ ልጅ ከንፈሩን እንጂ ድምፁን አያገኝም፤ ያ ቀን ተከፈለበት እንጂ አልተማረበትም። የፍልሰታ ጾም በሚበዛበት ሰፈር ከነሐሴ 1 እስከ 15 ልጆች ቅዳሴ ስለሚያስቀድሱ መገኘት ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሦስቱን ሳምንት ከሐምሌ 8 ጀምሮ ስጡ፣ ሁለቱን ከነሐሴ 17 በኋላ።

ልጆቹን በክፍል ደረጃ አትደልድሏቸው፣ ባሉበት የንባብ አቅም ደልድሏቸው። ሰኔ መጀመሪያ ላይ መምህሩ ከመጽሐፋቸው 60 ቃል ያለው ቀላል ምንባብ ይምረጥ፣ እያንዳንዱን ልጅ ለብቻ አስቀርቦ በስልክ ሰዓት አንድ ደቂቃ ያስነብበው፣ በትክክል ያነበባቸውን ቃላት ይቁጠር። አንድም ቃል ያላነበበ፣ ከ20 ቃል በታች ያነበበና ከዚያ በላይ ያነበበ ብላችሁ ሦስት ቡድን ብታደርጉ ይበቃል፤ ከ2ኛና ከ4ኛ ክፍል የመጡ ልጆች አንድ ቡድን ቢገቡ አትደንግጡ። በቡድን ከ30 አይብለጥ። መስከረም በመጀመሪያው ሳምንት በዚያው ምንባብ ሳይሆን በሚመጣጠን ሌላ ምንባብ ድገሙት፤ በቃሉ የያዘውን ሊወጣው ይችላልና። በከተማ ብዙ የክረምት ትምህርት የሚሠራውን ስህተት አትድገሙ፤ የሚቀጥለውን ክፍል ትምህርት ቀድሞ ማስጀመር። ያለፈውን ያልያዘ ልጅ ላይ አዲስ መጫን ነው፣ መስከረም ላይም «ይህን ተምረነዋል» እያለ ክፍል ውስጥ ይሰለቻል።

የሚያስተምሩት መምህራን በፈቃዳቸውና በክፍያ ይሁኑ። ተገድዶ የሚመጣ መምህር ክፍሉ ውስጥ ይገኛል፣ ልቡ ግን አይገኝም፤ ዩኒቨርሲቲ የሚገባውን ደግሞ ማስገደድ አይቻልም። አንድ መምህር ከሦስት ሳምንት በላይ አይያዝ፣ ሁለት ሆነው ይፈራረቁ። ሂሳቡ ቀላል ነው፤ ለምሳሌ ለሰዓት 200 ብር ብትስማሙ 40 ሰዓት 8,000 ብር ነው፣ ለ30 ልጅ ሲካፈል በነፍስ ወከፍ ከ270 ብር አይበልጥም። መክፈል የማይችሉ አምስት ወይም ስድስት ልጆች በየቡድኑ ይኖራሉ፤ የእነሱን ድርሻ ከትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ ወይም ከሌሎች መዋጮ አስቀድማችሁ ሸፍኑ። የተከፈለው ሁሉ በደረሰኝ ይሁን። አንድ ነገር ላይ ጥብቅ ሁኑ፤ መምህር በመደበኛው ጊዜ የሚያስተምረውን ተማሪ በክረምት ተከፍሎት እንዳያስተምር፣ ቡድኖቹን አለዋውጡ። ካልሆነ በመደበኛው ሰዓት እያንጠባጠበ በክረምቱ ይሸጣል የሚል ሐሜት ይነሣል፣ ሐሜቱ እውነት የሚሆንበትም ጊዜ አለ።

በስብሰባው ላይ «ውጭ አገር እንዲህ አይደለም» የሚል መነሣቱ አይቀርምና አጭር መልስ ይዛችሁ ግቡ። በእንግሊዝ መምህር በዓመት ለ195 ቀን ይታዘዛል፤ 190ው ከተማሪ ጋር፣ 5ቱ ለሥልጠና። በርዕሰ መምህሩ የሚታዘዝበት ጊዜ ጣሪያው 1,265 ሰዓት ነው። የበጋ ዕረፍታቸው ስድስት ሳምንት ገደማ ቢሆንም በዓመቱ መሐል ደጋግመው ያርፋሉ። በእስራኤል ያሉ ወገኖቻችን «ሆፌሽ ጋዶል» የሚሉት የአንደኛ ደረጃ ዕረፍት ሁለት ወር ሙሉ ነው፤ ወላጅ በየዓመቱ ያማርራል። መንግሥት ያደረገው ግን ለዝቅተኛ ክፍሎች ለብቻው የሚከፈልበት የክረምት ፕሮግራም መክፈት ነው። እኔም ለእናንተ የምመክረው ይህንኑ ዓይነት መንገድ ነው።

የእህትዎ ጉዳይ የተለየ ነው፣ ከሕዝቡም ዓይን የተሰወረ ነው። «መምህራን ክረምት ላይ ተከፍሏቸው ያርፋሉ» የሚለው በአንዳንድ የግል ትምህርት ቤቶች ጨርሶ አይሠራም፤ ውሉ ከመስከረም እስከ ሰኔ ለአሥር ወር ይፈረምና ሐምሌና ነሐሴ ባዶ ይቀራሉ። የግል ትምህርት ቤት መምህር የሚተዳደረው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። በአንቀጽ 9 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ በጊዜ የሚገደበው በአንቀጽ 10 በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ብቻ ነው። ለመጀመሪያው ዓመት አገልግሎትም 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት ከክፍያ ጋር ይገባታል፣ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን እየተጨመረ። እህትዎ በዚያው ትምህርት ቤት በየዓመቱ እያደሰች የቆየች ከሆነ ጥያቄ የማንሣት መነሻ አላት፤ ይሁን እንጂ ትምህርት ቤቱ ሥራው በየጊዜው የሚቋረጥ ነው ብሎ ይከራከራልና ውጤቱ አስቀድሞ የተረጋገጠ አይደለም። ውሎቿን በሙሉና የደመወዝ መክፈያ ወረቀቶቿን ይዛ በከተማዋ ያለውን የሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ታማክር። አትዘግይ፤ የደመወዝ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ከሥራዋ ሳትጋጭ መሄድ ከፈለገች ደግሞ የአሥሩ ወር ጠቅላላ ክፍያ በአሥራ ሁለት ወር ተከፋፍሎ እንዲሰጣትና የዓመት ዕረፍቷ ክፍያ እንዲታሰብላት በጽሑፍ ትጠይቅ። የአሥር ወሩን ለአሥራ ሁለት ማከፋፈል ገቢዋን አይጨምርም፣ የክረምቱን ባዶ ኪስ ግን ያስቀራል።

ለእናንተ የቀረው ደብዳቤው ነው። ዓመታዊው ካላንደር በክልል ትምህርት ቢሮ ተዘጋጅቶ የሚወርድ ስለሆነ ወረዳውን «ዕረፍት አሳጥር» ብትሉት ደብዳቤያችሁን ፋይል አድርጎ ዝም ይላል። በምትኩ ሁለት ደብዳቤ ጻፉ። አንዱ ለርዕሰ መምህሩ፣ እስከ ግንቦት መጨረሻ፦ መጽሐፍ ለክረምት በልጆች እጅ ይቆይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ይከፈት፣ የንባብ ምዘናው በሰኔ መጀመሪያ ይደረግ፣ የማጠናከሪያ ክፍሎቹ ይፈቀዱ፣ መምህራን እስከ መቼ ሥራ ላይ እንደሚቆዩና መቼ እንደሚመለሱ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ሌላው ለወረዳው፣ የኅዳርና የመጋቢቱ ድምር ተያይዞ፦ ስብሰባ ከትምህርት ሰዓት ይውጣ፣ ለወሊድና ለረጅም ሕመም ተተኪ ይመደብ፣ ከፈረቃ መውጫው ዕቅድ ከነክፍል ብዛቱ በጽሑፍ ይሰጠን። ሁለቱንም ደብዳቤ የመምህራኑ ተወካይም ይፈርምበት። ፊርማ መሰብሰቡን የጀመሩት ወላጆች ስም ዝርዝሩን አይጣሉት፤ ለማጠናከሪያው ትምህርት ማን ልጁን እንደሚያስመዘግብ ከእሱ ይነሣል።